ያላደረስኳቸው አምስት ደብዳቤዎች

ኢንሳፍን የጠየቋት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። የመለሰችውም አንድ ቃል ነው።

«እንስራዎቹን ከባሕር ያወጣቸው ዓሹር ነው?» አሏት።

«አላውቅም» አለች።

በዚያች ቃል ወንድሜ ስምንት ወር ታሰረ። እኔ ደግሞ በዚያችው ቃል ተናድጄ እሷ ካደረገችው የባሰ አደረግሁ። በደሴታችን የእሷን ጥፋት የማያውቅ የለም። የእኔን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ለማንም አልተነፈሱም። እኔ ግን ዝም ማለት ከበደኝ። የሁላችንንም ስም ለውጬ ይኸው እናገራለሁ።

ነጅያ በሉኝ፤ የቅርብ ሰው ነጁ ይለኛል። አባታችን ከሞተ በኋላ እኔና ታላቅ ወንድሜ ዓሹር እናታችንን የምናኖረው በአንዲት አሮጌ ጀልባ ነበር። ብርዱ ሲገባ ኦክቶፐስ እናጠምዳለን፤ ሙቀቱ ሲመጣ ከባሕሩ ወለል ስፖንጅ እንለቅማለን። እሱ ረጅም የጎማ ቱቦ በአፉ ነክሶ ይወርዳል፤ እኔ ጀልባው ላይ ሆኜ ወደ ቱቦው አየር የምትነፋውን ሞተር እጠብቃለሁ። ሴት ልጅ ባሕር ላይ ምን ትሠራለች የሚሉ ነበሩ። ዓሹር ግን ትንፋሼን ለባዕድ አደራ አልሰጥም ይላቸው ነበር።

ኢንሳፍ በሰኔ መጣች። ከባሕሩ ማዶ ካለችው ከተማ ከስፋክስ ነው፤ አባቷ እኛ ደሴት ቀርቀና ላይ እንኳ ስሙ የሚታወቅ የዘይት መጭመቂያ ባለቤት ነው። ውጭ አገር የተማረችው በባሕር ውስጥ ስለሰጠሙ ጥንታዊ መርከቦች ነበርና የቅርስ መሥሪያ ቤቱ በእኛ ውኃ ውስጥ እንድትፈልግ ልኳት ነው። በደረሰችበት ዕለት ከማዶ ሰው ከሚያመላልሰው ትልቅ ጀልባ ወርዳ የአየር ሲሊንደሮቿን አንድ በአንድ ራሷ ስትሸከም ዓሹር መረብ እየጠገነ ተቀምጦ አያት።

«ይሄን ሁሉ ብረት ታጥቀሽ ዓሣውን ልታዪው ነው ወይስ ልታስደነግጪው?» አላት።

እሷም ጀልባችን ላይ የተጠቀለለውን ቱቦ ገልመጥ አድርጋ፣ «አንተስ በዚህ ዕድሜህ ጡጦ አልጣልክም?» አለችው።

አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌዎች በሳቅ ወደቁ። የዓሹር ጆሮ ቀላ። እኔ እህቱ ነኝና አውቀዋለሁ፤ ነገሩ ያለቀው ያኔውኑ ነው።

ሦስት ሳምንት መሪ አድርጋ ቀጠረችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ አሸዋና የባሕር ሣር እያሳያት አዞራት። በአራተኛው ግን ለማንም ያላሳየውን አሳያት። ከደሴቱ በስተ ምሥራቅ፣ ጥልቁ ሲጀምር፣ ከውኃው በታች አንድ ትልቅ ቋጥኝ አለ። ከቋጥኙ ሥር የጥንት መርከብ ጭነቱን እንደያዘ ሰጥሟል። ያገኘው አባታችን ነበር። አንድ እንስራ ይዞ ወጣና ተጸጸተ፤ የሙታንን ዕቃ መንካት መጥፎ ነው ብሎ ዳግመኛ አልነካውም። ያን አንዱን እናቴ የወይራ ፍሬ ታስቀምጥበት ነበር፤ ግቢያችን ውስጥ፣ የውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሟል። አባታችን ሊሞት ሲል ቦታውን ለዓሹር ብቻ ነግሮ፣ ለማንም እንዳታሳይ ብሎታል።

ዓሹር የአባቱን ቃል የሻረው ለእሷ ነው።

ከታች ያዩትን ሲወጡ እየተሻሙ ነገሩኝ። የመርከቡ እንጨት አልቋል፤ እንስራዎቹ ግን መርከበኞቹ እንደደረደሯቸው ተኝተዋል። አንገታቸው ከአሸዋው ብቅ ብሏል። በየአፋቸው ኦክቶፐስ ገብቶ፣ በሩ ላይ ጠጠር ከምሮ፣ እንደ ባለቤት ይመለከታል። በየእጀታቸው ሥር ደግሞ ሸክላ ሠሪው ጭቃውን የተጫነበት የአውራ ጣቱ አሻራ አለ፤ ጣቱ ጠባሳ ነበረበትና አሻራውን ከላይ እስከ ታች መስመር ሰንጥቆታል። ዓሹር በዚያ አሻራ ላይ የራሱን አውራ ጣት አሳረፈ። ሲያነሳ ኢንሳፍ የራሷን አሳረፈችበት። እኔ ከላይ የማየው አረፋ ብቻ ነው። እስከዚያን ቀን አረፋቸው በሁለት ቦታ ነበር የሚፈላው። ያን ቀን ተጠጋጋ፤ ተጠጋጋና አንድ ሆነ። ሞተሩን ይዤ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ፤ ከዚያ ደግሞ ምክንያቱ ሳይገባኝ ሆዴ ባባ።

ብርዱ ሲገባ ወደ ስፋክስ ተመለሰች። ሞባይል ገና ያልመጣበት ጊዜ ነው፤ ደብዳቤ ይጻጻፉ ጀመር። የመንደር ወሬ ፈርተው የእሷ ደብዳቤ በእኔ ስም ነበር የሚመጣው፤ ፖስታው ውስጥ ሌላ ፖስታ አለ። ዓሹር ኦክቶፐስ በተሰጣበት ገመድ ሥር ተቀምጦ ያነበዋል። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ መልሱን ሲጽፍ ፊደሉን እንዳላርምለት ይከለክለኝ ነበር። ከነስህተቱ ይሂድ፣ እኔን ነው የምትጠብቀው እንጂ አንቺን አይደለም ይለኛል። እናቷ ኦክቶፐስ አጥማጅ ለኛ ቤት አይሆንም እንዳለች ጽፋለት ነበር። ሙቀቱ ሲመጣ ለአባቴ ራሴ እናገራለሁ፣ ከቤተሰቡ የሚረዳኝ ወንድሜ ዋሲም ብቻ ነው፣ ለእሱ ሁሉን ነግሬዋለሁ ብላም ጽፋለች። ዓሹር ያቺን ደብዳቤ ደጋግሞ አነበበ። እኛ ቤት የዚያን ያህል ደስታ ገብቶ አያውቅም።

በሚያዝያ፣ አምስት ፖሊሶች መጥተው ዓሹርን ከጀልባው ላይ ወሰዱት። መርከቡ ተዘርፏል። ከአርባ በላይ እንስራ ወጥቷል፤ የቀሩትም ተሰባብረዋል። ቦታውን የሚያውቁት ዓሹርና ኢንሳፍ ብቻ ናቸው ተባለ። ጉድጓዳችን አጠገብ ያለውን እንስራ ሲያዩ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አልፈለጉም።

መርማሪው እኔና እናቴ ባለንበት የኢንሳፍን ቃል አነበበለት። ዓሹር እንደገና እንዲያነብለት ለመነው። ሰውየው ደግሞ አነበበ፤ አላውቅም የምትል አንዲት ቃል። ዓሹር ከዚያ በኋላ እጆቹን ለካቴና ዘረጋ። የተያዘው በፖሊስ አልመሰለኝም፤ በእሷ ነው የመሰለኝ።

እስር ቤቱ ከባሕሩ ማዶ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ምግብ እንወስዳለን። እናቴ እግሯ አይችልምና ዘንቢሉን የምታግዘኝ አጣሁ። ጎረቤታችን መብሩካን ለመንኳት። የዘንባባ ቅጠል እየፈተለች የዓሣ ወጥመድ የምትሠራ ዝምተኛ ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የጠየቅኳት። ከዚያ በኋላ ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሳልጠራት በራችን ላይ ቆማ አገኛታለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት የኢንሳፍ ደብዳቤ መጣ። በእኔ ስም፤ እንደ ድሮው ፖስታው ውስጥ ሌላ ፖስታ። በእጄ ይዤው ጉድጓዱ ዳር ቆምኩ። ከሳህናችን በልታለች፤ እናቴ ልጄ ብላታለች። ከዚያ ደግሞ «አላውቅም» አለች። ደብዳቤውን የፍራሽ ሱፍ የምናስቀምጥበት ከረጢት ውስጥ ጨመርኩት። ሁለተኛው መጣ፤ ጨመርኩት። ከግንቦት እስከ ኅዳር አምስት ደረሱ። አንዱንም አልከፈትኩም። ያልከፈትኳቸው ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። ካነበብኩ እንዳላዝንላት ፈርቼ ነው።

ዓሹር በሄድን ቁጥር ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር።

«ደብዳቤ አለ?»

«የለም» እለዋለሁ።

በአራተኛው ወር መጠየቁን ተወ። በስድስተኛው፣ መብሩካ ታማ በቀረችበት ሐሙስ፣ በሽቦው በኩል ከኋላዬ እየፈለገ «መብሩካስ?» አለኝ። ወደ ደሴቱ ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

በታኅሣሥ ለቀቁት። እውነተኛው ሌባ ተገኝቷል ከማለት በቀር ስም የነገረን የለም። እናቴ አልሐምዱሊላህ ብላ መሬት ሳመች። በጥር የመብሩካ ቤተሰብ ዘንድ ሽማግሌ ተላከ፤ የጋብቻውን ቃል የሚያስረው ፋቲሃ ተነበበ፤ ዓሹር ቃሉን ሰጠ። የሠርጉ ቀን ለሐምሌ ተቆረጠ።

በመጋቢት ኢንሳፍ ከትልቁ ጀልባ ወረደች።

ከስታለች። መሥሪያ ቤቷ የተረፈውን እንድትመዘግብ ልኳት ነው። መጀመሪያ የሄደችው ግን ወደ እኛ ቤት ነበር። እናቴ በሩ ላይ ስታያት አልጮኸችም፤ አልሰደበችም። አስገብታ ዳቦና ዘይት አቀረበችላትና ብዪ ልጄ፣ ከመንገድ ነሽ አለቻት። ኢንሳፍ አንዲት ቁራሽ አንስታ ሳትውጣት እንባዋ መጣ። እኔ ከጓዳ ሳልወጣ ቀረሁ።

ዓሹር ይመራት እንደሆነ አስጠየቀችው። እሺ አለ፤ ሥራ ነው አለ። በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ወጣን። ባሕሩ ዝም ብሏል። ዓሹር መልህቁን ጥሎ ልብሷን፣ ሲሊንደሯን፣ መነጽሯን አንድ በአንድ ተመለከተላት። ድምፁ ለእንግዳ እንደሚናገር ሰው ነበር።

«ቀበቶዎ ጠብቋል? ሲወርዱ በቀኝ በኩል ይሁኑ፤ በግራ ያለው እንስራ ተሰባብሯል፤ እጅዎን ይቆርጥዎታል።»

እርስዎ አላት። ኢንሳፍ በጥፊ እንደተመታች ሆነች። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ወደ ውኃው ገባች።

አረፋቸውን አየሁ። በሁለት ቦታ ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አልተጠጋጋም።

ሲወጡ መነጽሯን አወለቀች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እያየችው፣

«ዓሹር፣ ደብዳቤዎቼን ሁሉ አንብበህ ነው እንዲህ 'እርስዎ' የምትለኝ?» አለችው።

«የምን ደብዳቤ?» አለ እሱ።

ሞተሩን አጥፍቼው ነበር። ምነው ባላጠፋሁት። ከጀልባው ሥር የሚንቦጫረቀው ውኃ ብቻ ይሰማል። ኢንሳፍ እሱን አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ እኔን አየች። ደብዳቤው የሚመጣው በማን ስም እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ዓሹርም ዞረ። የሁለቱንም ዓይን መቋቋም አቅቶኝ፣

«እኔ ጋ ናቸው» አልኩ። «ሱፉ ውስጥ ናቸው። አልከፈትኳቸውም።»

«ስንት ናቸው?» አለች ኢንሳፍ።

«አምስት።»

«ለምን አላቃጠልሻቸውም?»

እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ብታቃጥያቸው ይሻል ነበር፣ ነጁ» አለች በዝግታ። «አሁን ያነባቸዋል።»

ዓሹር መልህቁን ሳበ። እስክንደርስ ድረስ ጀርባውን ነው የሰጠኝ።

ከረጢቱን አውጥቼ ደብዳቤዎቹን ሰጠሁት። የባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በመጡበት ቀን ቅደም ተከተል ከፈታቸው። እኔና ኢንሳፍ ራቅ ብለን ቆምን። በውስጣቸው ያለውን ያኔ ነው ከእሷ የሰማሁት። በመጀመሪያው ይቅርታ ትለምናለች፤ መርማሪው ሲጠይቃት አባቷና ወንድሟ ከአጠገቧ ተቀምጠው እንደነበር፣ ጉድጓዳችን አጠገብ ያለው እንስራ ትዝ ብሏት ለአንዲት ደቂቃ እንደተጠራጠረችው፣ ቃሏ ከአፏ እንደወጣ መልሳ ልትውጠው እንደፈለገች ጽፋለች። በሁለተኛውና በሦስተኛው አንድ ቃል ብቻ እንዲመልስላት ትለምናለች፤ ስድብም ቢሆን። በአራተኛው ወንድሟ ዋሲም ወደ ጓደኛው የገጠር ቤት ለምሳ እንደወሰዳት፣ አትክልቱ መካከል እንስራ ተደርድሮ እንዳየች፣ እጀታው ሥር ስትዳስስ ጠባሳ ያለበት የአውራ ጣት አሻራ እንዳገኘች ትናገራለች። መርከቡ ያለበትን ቦታ ምልክት አድርጋ ለዋሲም በፍቅር ያሳየችው ካርታ ነው ሌቦቹን የመራው። በማግስቱ ራሷ ሄዳ ወንድሟን አስያዘችው። አባቷ ነገሩ ጋዜጣ ላይ እንዳይወጣ አድርጎ እሷን ከቤት አስወጣት። አምስተኛው አጭር ናት። ልትፈታ ነው፤ ና ካልከኝ እመጣለሁ፤ ዝም ካልከኝ ግን ይገባኛል ትላለች።

ወንድሜን ያስፈታችው እሷ ነበረች። እኛ ቤት ደግሞ ስሟ የሚነሳው በእርግማን ነበር።

ዓሹር የመጨረሻውን ወረቀት አጥፎ ተነሳና ወደ እሷ መጣ። እኔ ልሄድ ስል፣ ቁሚ፣ አንቺም ስሚ አለኝ።

«አላውቅም ማለትሽን በመጀመሪያው ሳምንት ነው ይቅር ያልኩሽ» አላት። አሁን አንቺ አላት። «መርማሪ ፊት የተቀመጠ ሰው ብዙ ይላል። እኔም ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ልል ትንሽ ነው የቀረኝ። ያቃተኝ ዝምታሽ ነበር። እሱ ደግሞ ያንቺ አልነበረም።»

«ታዲያ አሁንስ?» አለችው።

«አሁን ፋቲሃ ተነብቧል።»

ኢንሳፍ ይህን አልሰማችም ነበር።

«ትወዳታለህ?»

«ስምንት ወር ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ዘንቢል ተሸክማ ባሕር ትሻገር ነበር» አለ ዓሹር። «አንድ ቀን እንኳ ሰርቀሃል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።»

ኢንሳፍ ራሷን ነቀነቀች፤ የሚገባኝ ነው እንደምትል።

«እኔ እጠይቅህ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ ግን አልጠይቅህም።»

«እሱንም አውቃለሁ፣ ኢንሳፍ።»

«ወንድሜን ያስያዝኩት አንተን ላገኝበት አይደለም። እውነቱ እሱ ስለሆነ ነው። ግን ተስፋ አላደረግሁም ብልህ እዋሻለሁ።»

ዓሹር ደብዳቤዎቹን ዘረጋላት። ቤቱ ሊያስቀምጣቸው እንደማይገባ፣ ሊቀድዳቸውም እንደማይችል አውቆ ነው። ተቀበለችው። ጣቶቻቸው ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆዩ፤ ማንኛቸው ቀድሞ እንደለቀቀ አላየሁም፤ ዞር ብዬ ነበር። አለቀሱ ብል ይቀለኝ ነበር። አላለቀሱም። ሁለት ጨዋ ሰዎች እንደሚለያዩ ተለያዩ፤ እኔን የገደለኝ እሱ ነው።

ሥራዋን ለመጨረስ አራት ቀን ቀራት። የቀረውን ከሌላ መሪ ጋር ጨረሰች። ስትሄድ ወደቡ ድረስ ተከትያት ይቅርታ ለመንኳት። ልትቆጣኝ ፈልጋ አቃታት መሰለኝ።

«እኔ አንድ ቃል ነው ያጠፋሁት፤ አንቺም አንዲት ቃል ነው» አለችኝ። «'አለ' ብትዪው ኖሮ ይበቃ ነበር።»

ከዚያ ጉንጬን ሳመችኝ። እስከ ዛሬ የሳመችኝ ቦታ ላይ እጄን ሳላሳርፍ ያለፈ ሳምንት የለም።

ዓሹር አሥራ አንድ ቀን አላናገረኝም። በአሥራ ሁለተኛው ወደ ጓዳ ገብቶ፣ ይሄን ነገር መብሩካ እንዳትሰማ፣ እሷ ምንም አላጠፋችም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስቶት አያውቅም። በሐምሌ ተጋቡ። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። መልካም ባል ነው። አንዳንድ ጊዜ በምሥራቅ በኩል ስናልፍ ወደ ቋጥኙ ዞሮ ሳያይ ይቀዝፋል፤ ዞሮ አለማየቱን ግን አያለሁ። ኢንሳፍ አግብታለች ይላሉ፤ አላገባችም የሚሉም አሉ። ለማጣራት ፊት የለኝም።

ከሁሉ የሚከብደኝ በዓል ነው። መብሩካ ልጆቹን አሰልፋ፣ ከሁሉ በፊት ለእኔ ሳህን ሞልታ ትመጣለች። እህት የለኝም፤ አንቺ እህቴ ነሽ ትለኛለች። ባለፈው ዒድም ሰው በተሰበሰበበት ትከሻዬን አቅፋ፣

«ያን ሐሙስ ነጁ ዘንቢሉን አግዢኝ ባትለኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣልኝ ነበር? ውለታዋን በምን እመልሳለሁ?» አለች።

ሰው ሁሉ መረቀኝ። ዓሹር ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተከለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ትሕትና መሰላት፤ ጠጋ ብላም ግንባሬን ሳመችው።